የውሃ ፓምፑ ይነሳል፣ ሩብ ሰዓት ሰርቶ ይጠፋል

ጥያቄው የመጣው ከደምቢያ ነው። ጠያቂው ሽንኩርት የሚያለማ ወጣት ገበሬ ነው፤ ከመገጭ ወንዝ በቤንዚን ፓምፕ ውሃ እየሳበ ያጠጣል። እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ ጠዋት በአንድ ጉተታ ይነሳል። ሩብ ሰዓት ያህል ጥሩ ይሰራል። ከዚያ ድምፁ እየደከመ ሄዶ ይጠፋል። ወዲያው ብጎትተው እምቢ ይላል። ሃያ ደቂቃ ካረፈ በኋላ ይነሳና ደግሞ ይጠፋል። ካንዴላ ቀየርኩ፣ ለውጥ የለም። አንድ መካኒክ አዲስ ካርቡራቶር ግዛ አለኝ። ልግዛ?»

አትግዛ ወንድሜ። ቤንዚንን ከአየር ጋር የሚቀላቅለውን ያን ዕቃ ቢያንስ ዛሬ አትግዛ።

ሽንኩርት ራስ በሚይዝበት ሰዓት ውሃ ሲቋረጥበት ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። ተጨንቀህ ያገኘኸውን ሁሉ ብትቀይር አልፈርድብህም። ግን ደብዳቤህ ውስጥ ትልቅ ፍንጭ አለ። «ድምፁ እየደከመ» ብለሃል። ሞተር ሲጠፋ አጠፋፉን ማዳመጥ ነው። ደህና እየሰራ በአንዴ ጭጭ ካለ፣ ማብሪያውን እንዳጠፋኸው ማለት ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ካንዴላው፣ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለው ብልጭታ ሰጪ ማለት ነው፣ እሳት ተቋርጦበታል። እየተንገዳገደ፣ አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ እያለ ከሞተ ግን ቤንዚን አጥቷል። ያንተ ይሄኛው ነው የሚመስለው።

ሰልባትዮው፣ የቤንዚን ማጠራቀሚያው ማለት ነው፣ ሙሉ ሆኖ እንዴት ቤንዚን ያጣል ትለኝ ይሆናል። ባለፈው በጋ አንድ አባት ልክ እንዳንተ ያለ ፓምፕ አዘዞ ድረስ አመጡልኝ። ካንዴላም ካርቡራቶርም ተቀይሮለታል። እኔው ጋ አስነሳሁት፣ ትንሽ ሰርቶ እየተንገዳገደ ጠፋ። የሰልባትዮውን ክዳን ስፈታው «ፉስስ» ብሎ አየር ወደ ውስጥ ሳበ። ክዳኑን ገልብጬ ሳየው ጥቁር ፌስታል ታጥፎ ተጠቅጥቆበታል። በጋሪ ሲጫን ቤንዚን እየተረጨ አስቸግሯቸው ነው ያደረጉት። ፌስታሉን አወጣሁት። ፓምፑ ከዚያ በኋላ አልጠፋም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእንዲህ ያለ ፓምፕ ቤንዚኑ ከሰልባትዮው ወደ ካርቡራቶር የሚወርደው በራሱ ክብደት ነው። በወረደው ልክ ከላይ አየር መግባት አለበት። አየሩ የሚገባው በክዳኑ ላይ ባለች ትንሽ ቀዳዳ ነው። እሷ በጭቃ፣ በአቧራ ወይም በፌስታል ከተደፈነች ቤንዚኑ መውረዱን ያቆማል። ሃያ ደቂቃ ሲያርፍ አየር ቀስ እያለ ሾልኮ ይገባል፣ ሞተሩም ይነሳል። አንተ የነገርከኝ ይሄንኑ ነው።

ስለዚህ ነገ ሲጠፋ ገመዱን ደጋግመህ አትጎትት። ያቺ የጠፋባት ደቂቃ ወርቅ ናት፤ ሞተሩ ሕመሙን የሚያሳይህ ያኔ ነው። መጀመሪያ ክዳኑን ቀስ ብለህ ክፈትና አድምጥ። ከዚያ መልሰህ ግጠምና ጎትት። ወዲያው ከተነሳ ጥፋተኛው ተገኝቷል። ክዳኑን በቤንዚን እጠበው፣ ቀዳዳዋን በጎማ መንፊያ ንፋባት። ክዳኑን አላልቶ መስራት ግን አይሆንም። ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ ቤንዚን ይረጫል፣ ማርሚታው፣ የጭስ መውጫው፣ ደግሞ የጋለ ነው።

ክዳኑ ንጹህ ሆኖ ከተገኘ ወደ ቾኩ፣ ወደ ካርቡራቶሩ የሚገባውን አየር ወደሚዘጋው ማንሻ፣ ሂድ። ሞተሩ መድከም ሲጀምር ቾኩን ግማሽ ድረስ ዝጋው። ነፍስ ከዘራ ቤንዚኑ በትክክል እየደረሰው አይደለም፣ መንገዱ ላይ ቆሻሻ አለ። ሞተሩን አጥፋ፣ እስኪቀዘቅዝ ጠብቅ፣ የቤንዚን መዝጊያውን ዝጋ። ከካርቡራቶሩ ስር ያለችውን ኩባያ በብዙዎቹ ላይ በ10 ቁጥር ቁልፍ ትፈታታለህ። ውስጧ ያለውን በነጭ ሳህን ላይ አፍስሰው። ቀይ ዝገት፣ አሸዋ ወይም እንደ ዶቃ ከታች የሚንከባለል ውሃ ካየህ አትደነቅ። መሃል ላይ ከናስ የተሰራች ትንሽ ብሎን አለች፤ በውስጧ ያለችው ቀዳዳ ከአንድ ሚሊ ሜትር ታንሳለች። የሞተሩ ቤንዚን ሁሉ የሚያልፈው በእሷ ነው። ከመብራት ገመድ አንዲት ቀጭን የመዳብ ክር መዘህ ጥረጋት። መርፌ አታስገባባት፣ ናስ ለስላሳ ስለሆነ ቀዳዳዋ ትሰፋና ሞተሩ ቤንዚን ይበዛበታል።

ቤንዚኑንስ ከየት ነው የምትገዛው? ማደያ ሲጠፋ ከመንገድ ዳር በሃይላንድ እንደምንገዛ ሁላችንም እናውቃለን። ሞተሩ ውስጥ ከመጨመርህ በፊት ሃይላንዱን ግማሽ ሰዓት አቁመው። ውሃ ካለው ከታች ለብቻው ይተኛል። ጠብታ በወረቀት ላይ ጣልና ይድረቅ። ቤንዚን ተንኖ ይጠፋል፤ ላምባ ከተቀላቀለበት ቅባታም ምልክት ይቀራል። በንጹህ ነጠላ ጨርቅ እያጠለልክ መጨመርም ልማድ ይሁንህ።

የአየር ፊልትሮውንም ሳታየው አትለፍ። በፋብሪካ የተስተካከለ ሞተር ወደ ከፍታ በወጣ ቁጥር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3.5 በመቶ ያህል ያጣል። የጣና ዳር 1,800 ሜትር አካባቢ ስለሆነ አንድ አምስተኛው ገና ሳትጀምር ሄዷል ማለት ነው። በዚያ ላይ ፊልትሮው የመስክ አቧራ ከጠጣ መተንፈስ ያቅተዋል። ስፖንጁን በሳሙናና በለብ ያለ ውሃ እጠበው፣ በደንብ ይድረቅ፣ ጥቂት ዘይት ቀብተህ ጨምቀህ መልሰው።

አጠፋፉ በአንዴ ጭጭ የሚል ከሆነ ግን ከላይ ያልኩህን ተወውና ዘይቱን እይ። ዘይት ሲያንስ ሞተሩን የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ ያላቸው አሉ። ወንዝ ዳር ተዳፋት ላይ ካስቀመጥከው ዘይቱ ወደ አንድ ጎን ይሸሻል፣ መቆጣጠሪያው ያለቀ መስሎት ያጠፋዋል። ሜዳ ላይ አስተካክለህ አስቀምጠው፣ ዘይቱ እስከ መሙያው አፍ ይድረስ። ሽቦውን ቁረጠው የሚሉህን አትስማ። ዘይት ያለቀበት ቀን ፒስተኑ ተጣብቆ ይቀርብሃል።

ዘይቱ ደህና ከሆነ ቦቢናው፣ ለካንዴላው እሳት የሚያመነጨው ጥቅል ሽቦ፣ ሲግል እየደከመ ይሆናል። ልክ እንደጠፋ መዝጊያውን ዝጋ፣ ካንዴላውን ፍታና ከቆቡ ጋር አገናኝተህ ብረቱን ከሞተሩ አካል ጋር አስነካው፤ ከካንዴላው ቀዳዳና ከቤንዚን ራቅ አድርገህ። ሰው ገመዱን ይጎትትልህ። ሲግል እሳት የለም፣ ሲቀዘቅዝ ሰማያዊ እሳት ይዘላል ከሆነ ቦቢና ግዛ። ያኔ ገንዘብህ አይባክንም። አዲሱን ካንዴላ ስትገጥም ክፍተቱ ከ0.7 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር መሆኑን እይ።

ጠፍቶ ገና እንደጋለ ስትጎትተው ገመዱ ከወትሮው ከለሰለሰብህ ኮምፕሬሽን፣ ፒስተኑ አምቆ የሚፈጥረውን ግፊት፣ እያጣ ነው። ያ የቫልቮላ፣ አየር የሚያስገቡና ጭስ የሚያስወጡ በሮች፣ ሥራ ስለሆነ ሜዳ ላይ አትነካካው፣ አምጣልኝ። ስትመጣ ካርቡራቶሩን ብቻ ፈተህ አትያዝልኝ። ቤንዚኑን አውጥተህ፣ ፓምፑን ከነክዳኑ፣ ከነቱቦው፣ ከነፊልትሮው ሙሉውን አምጣው።