ሰርቭ መመለስ ላቃታቸው ጀማሪ የጠረጴዛ ቴኒስ ተጫዋች

ጠያቂያችን፣ በመሥሪያ ቤትዎ አዳራሽ ከሥራ በኋላ የጠረጴዛ ቴኒስ መጫወት ከጀመሩ አራት ወር እንደሆነዎት፣ ነገር ግን የአንድ ግራኝ ባልደረባዎ ሰርቭ፣ ማለትም ጨዋታ ማስጀመሪያ ምት፣ ወይ መረብ ላይ እየቀረብዎ ወይ ከጠረጴዛው እየወጣብዎ እንደሚሸነፉ ጽፈው፣ የተሻለ ራኬት ልግዛ ወይስ አሠልጣኝ ልፈልግ ብለው ጠይቀዋል። እኔ አሠልጣኝ አይደለሁም፤ ጨዋታውን በዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች መዝናኛ ክበብ ጀምሬ ከአሥር ዓመት በላይ የቆየሁበት፣ ጀማሪ የሚሠራውን ስሕተት ሁሉ አንድም ሳላስቀር የሠራሁ ሰው ነኝ።

ተማሪ ሳለሁ ኳስ በኃይል መምታትን ችሎታ አድርጌ እቆጥር ስለነበር ራሴን ጎበዝ ተጫዋች አድርጌ አይ ነበር። ሥራ ይዤ አዲስ አበባ ከገባሁ በኋላ በሰፈሬ ወጣት ማዕከል በዕድሜ ከገፉ አንድ ሰው ጋር ገጥሜ 11 ለ2 ተሸነፍኩ። ሰውየው አንድም ኳስ በኃይል አልመቱም፤ ቀስ ብለው ይልኩልኛል፣ እኔም እመታለሁ፣ ኳሷም መረብ ላይ ትቀራለች። ጨዋታው ሲያልቅ ኳሷን ብቻ እንደማይ፣ ማየት የሚገባኝ ግን የእርሳቸውን ራኬት እንደሆነ ነገሩኝ። የእርስዎም ችግር ይኸው ይመስለኛል፤ ክንድዎ ሳይሆን ዓይንዎ ነው ገና ያልሠለጠነው።

ከራኬቱ የሚነበበው ስፒኑ፣ ማለትም የኳሷ ሽክርክሪት ነው። ወደ ኋላ የምትሽከረከር ኳስ፣ ማለትም ባክስፒን የያዘች፣ የተጋጣሚው ራኬት ከታቿ ፍቆ የላካት ናት። ወደ እርስዎ ስትመጣ ቀርፋፋና ምንም የሌለባት ትመስላለች፤ ቀጥ አድርገው የያዙትን ራኬት ስትነካ ግን የራኬቱን ፊት የሸፈነውን ጎማ ይዛ ወደ ታች ትወርዳለች፣ መረብ ላይ የምትቀረውም ለዚህ ነው። መፍትሔው የበለጠ መምታት ሳይሆን የራኬቱን ፊት ወደ ላይ ገለጥ አድርጎ ከኳሷ ሥር በመግባት በዝግታ ወደ ፊት መግፋት ነው። ቶፕስፒን የያዘችው፣ ማለትም ወደ ፊት የምትሽከረከረው፣ በአንጻሩ ራኬቱን ስትነካ ወደ ላይ ትዘላለች፤ ከጠረጴዛው የሚወጡብዎ ኳሶች አብዛኞቹ እነዚህ ሳይሆኑ አይቀሩም። ለእርሷ የራኬቱን ፊት ወደ ጠረጴዛው ደፋ ማድረግ ይበቃል።

ወደ ጎን የምትሽከረከረው ኳስ ከሁሉም በላይ ታደናግራለች፤ ግራኝ ሰው ሲገጥመን የምንቸገረውም ከቀኝ እጅ ተጫዋቾች የለመድነው አቅጣጫ ስለሚገለበጥብን ነው። እኔን የገላገለኝ አንድ ደንብ አለ፤ የተጋጣሚው ራኬት ኳሷን በሚነካበት ቅጽበት ወደየትኛው ጎን እየሄደ እንደሆነ ይመልከቱ፤ ኳሷም ከእርስዎ ራኬት ስትመለስ ወደዚያው ጎን ማምለጥ ትፈልጋለችና እርስዎ የተጋጣሚው ራኬት መነሻ ወደነበረው ጎን ያነጣጥሩ። ይህ ለቀኝ እጅም ለግራኝም ያው ነው። ኳሷን ከመንካቱ በፊትም ሆነ በኋላ የሚያደርገው የእጅ ጭፈራ ግን ለማታለል ነውና አይመልከቱት።

ይህን ዓይን ለማሠልጠን ፈጣኑ መንገድ ራስዎ ስፒን መሥራት መማር ነው፤ ያልሠሩትን ማንበብ ይከብዳልና። ቤትዎ ወለል ላይ ሊጀምሩት ይችላሉ፤ ኳሷን ወርወር አድርገው በራኬቱ ከሥሯ ቀጠን አድርገው ይፈቋት፤ ወደ ፊት ሄዳ፣ ነጥራ፣ ቆም ብላ ወደ እርስዎ ተመልሳ ከመጣች በቂ ባክስፒን ሰጥተዋታል ማለት ነው። እኔ ይህን ስሞክር የመጀመሪያውን ሳምንት ኳሷን ከአልጋ ሥር ስለቅም ነው ያሳለፍኩት።

ቀጥሎ ጠረጴዛው ነጻ በሆነበት ሰዓት ብቻዎን አሥራ አምስት ወይም ሃያ ኳስ ይዘው ሰርቭ ይለማመዱ። በዚህ ጨዋታ ተጋጣሚ ሳይኖር ሊያሻሽሉት የሚችሉት ትልቁ ነገር ይህ ሆኖ ሳለ የሚሠራው ሰው ጥቂት መሆኑ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ረጅም ሰርቭ ከፈለጉ ኳሷ በመጀመሪያ የራስዎ ጠረጴዛ ጠርዝ አካባቢ፣ አጭር ከፈለጉ ደግሞ ወደ መረቡ ጠጋ ብላ እንድታርፍ ያድርጉ። ከጅምሩም በደንቡ ይልመዱት፤ ኳሷ በተዘረጋ መዳፍ ላይ ተቀምጣ ቢያንስ 16 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ መወርወር አለባት፣ የምትመታውም ወርዳ ስትመጣ ከጠረጴዛው ጠርዝ ኋላ ነው። በየሰፈሩ እንደሚደረገው ከእጅ ላይ በቀጥታ መምታት ውድድር ላይ ነጥብ ያስቀጣል፤ ከዓመታት በኋላ ይህን ልማድ ማስተው ምን ያህል እንደሚያስቸግር በራሴ አይቻለሁ።

ከባልደረቦችዎ ጋር ሲገናኙ ሁልጊዜ ነጥብ እየቆጠሩ አይጫወቱ። በጨዋታ ላይ ሰው የሚያደርገው የሚችለውን ብቻ ስለሆነ ድክመቱ እንደተደበቀ ይኖራል። ከግማሽ ሰዓቱ አሥር ደቂቃ ከፍለው ከአንድ ሰው ጋር በሰያፍ፣ ፎርሃንድ ለፎርሃንድ (ራኬት በያዘው እጅ በኩል በመዳፍ አቅጣጫ የሚመታው)፣ ሳታቋርጡ መመላለስን ብቻ ቁጠሩ፤ በመጀመሪያ ሃያ፣ ከዚያ ሃምሳ፣ ቆይቶ መቶ። ከዚያ ባክሃንዱን፣ ማለትም በእጅ ጀርባ አቅጣጫ የሚመታውን። የጉልበትዎን ግማሽ ቢጠቀሙ በቂ ነው፤ ስማሹን፣ ማለትም በሙሉ ኃይል የሚመታውን፣ ኳሷ ከፍ ብላ ስትመጣልዎ ብቻ ያስታውሱት። በጀማሪ ደረጃ አብዛኛው ነጥብ የሚገኘው ተጋጣሚ ሲሳሳት እንጂ እኛ ድንቅ ኳስ ስንመታ አይደለም።

አቋቋምን በተመለከተ ጉልበትዎን እጥፍ፣ ክብደትዎን ወደ እግርዎ ጣቶች አድርገው ከጠረጴዛው አንድ ክንድ ያህል ርቀው ይቁሙ። ወደ ኳሷ እጅዎን ከመዘርጋት ይልቅ በአጫጭር እርምጃ ይሂዱ። ራኬቱን ሰው ሰላም እንደሚሉ አድርገው ይያዙት፤ ጠበቅ ካደረጉት የእጅ አንጓዎ ስለሚደርቅ ስፒን መስጠት አይችሉም።

ስለ ራኬቱ ብዙ አልልም። ተገጣጥመው የሚሸጡት በጣም ርካሽ ራኬቶች ጎማቸው ድርቅ ያለና ኳስ የማይዝ ስለሆነ በእነርሱ ስፒን መማር በእርግጥ ይከብዳል። ኳሷን በጎማው ላይ ጫን አድርገው ሲያንሸራትቱት ያዝ ካላደረጋት ይቀይሩት። ነገር ግን ካርቦን የተጨመረበትን፣ ኳስ በፍጥነት የሚያስፈነጥር የራኬት እንጨት ማንም ቢመክርዎ አይግዙ፤ የእርስዎ ችግር ፍጥነት ማነስ አይደለምና። የገዙትንም በእርጥብ ጨርቅ እየጠረጉ ፀሐይ ከማያገኘው ቦታ ያስቀምጡት። ደጅ ላይ መጫወትም ለመዝናናት እንጂ ለልምምድ አይሆንም፤ 2.7 ግራም የምትመዝን ኳስ ትንሽ ነፋስ ሲነካት ስፒኑን ከነፋሱ መለየት አይቻልም።

አሠልጣኝ ካገኙ እሰየው፤ በተለይ የአመታት ቅርጽዎን ገና ሳይደርቅ ያስተካክልልዎታል። እስከዚያው ግን ከሁሉ የሚሻለው አሠልጣኝ ያ የሚያሸንፍዎ ባልደረባዎ ነው። ጨዋታ ከመጀመራችሁ በፊት ያንኑ ሰርቭ ያለ ነጥብ ሃምሳ ጊዜ እንዲልክልዎ ይለምኑት። የመጀመሪያዎቹን ሃያ ለመመለስ እንኳ አይሞክሩ፤ ራኬቱን ብቻ እያዩ ኳሷ ጠረጴዛው ላይ ሳታርፍ በፊት «ከታች»፣ «ከላይ»፣ «ከጎን» እያሉ ጮክ ብለው ይጥሩ። ባልደረባዎ ሊስቅብዎ ይችላል፤ እኔም ተስቆብኛል። የቀሩትን ሠላሳ በዝግታ ይግፏቸው፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ስንቱ ጠረጴዛው ላይ እንዳረፈልዎ እዚሁ ቢጽፉልን ቀጣዩን እንነጋገራለን።