አልጋ ላይ ለዋለ ሕመምተኛ፦ ጥያቄዎቻችሁና የሲስተር መልሶች

ሲስተር በአዲስ አበባ ቤት ለቤት እየዞሩ ሕሙማንን የሚንከባከቡ ነርስ ናቸው። ዛሬ ማታ ጥያቄዎቻችሁን ይመልሳሉ።

የሰሚቱ፦ ሲስተር፣ አባቴ ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ አልጋ ላይ ናቸው። መቀመጫቸው አካባቢ ቀልቷል፤ ጠዋትና ማታ በቫዝሊን እናሸዋለን።

ሲስተር፦ ማሸቱን ዛሬውኑ አቁሙ። ከሥር የተጎዳውን ሥጋ ይብሱን ይጎዳዋል። በጣትህ ተጫነው፤ ስትለቀው ካልነጣ ከመተኛት ብዛት የሚመጣው ቁስል ጀምሯል። ጠይም ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይ ስለሚችል በእጅህ ዳስሰው፤ ከአካባቢው ይልቅ ከሞቀ ወይም ከጠጠረ አትዘናጋ። በየ2 ሰዓቱ አገላብጧቸው፤ ሌሊትም ጭምር። ሙሉ በሙሉ በጎን አታስተኟቸው፤ ክብደቱ ዳሌ አጥንት ላይ ያርፋል። ጀርባቸውን በትራስ ደግፋችሁ ዘንበል አድርጓቸው። ባታቸው ሥር ትራስ አስገቡ፤ ተረከዛቸው ፍራሹን አይንካ። ወደ ራስጌ ስትወስዷቸው አትጎትቷቸው፤ ከሥራቸው አንሶላ አጥፋችሁ አንጥፉና ሁለት ሰው ሆናችሁ በአንሶላው አንሷቸው። ዳይፐር ረጥቦ አይቆይ። እንቁላል፣ ወተት፣ ምስር ይብሉ፤ ጾም ከሆነ የነፍስ አባታቸውን አነጋግሩ። ቆዳው ከተከፈተ ደግሞ ባለሙያ ይየው።

ይህን ሁሉ ስታደርጉ «አባባ፣ አሁን ወደ ግራ ላዞርዎ ነው» በሏቸው። አንደበታቸው ቢያዝም ሊሰሙ ይችላሉ። አንሶላውን ከመግለጣችሁ በፊት በሩን ዝጉ።

ነዋሪ፦ የቤት ነርስ በወር ስንት ይከፈላታል?

ሲስተር፦ ስለ ዋጋ አልናገርም። የሙያ ፈቃዷን አይተህ ቅጠር።

የባሕር ዳሯ፦ የእኛ ነርስ ቁስል አጠባው ላይ ጎበዝ ናት፤ አያታችንን ግን ታመናጭቃቸዋለች። ችለናት እንቀጥል?

ሲስተር፦ አትቻሏት። ጤና ጥበቃ «ሩህሩህ፣ አክባሪና ተንከባካቢ» ባለሙያ የሚለውን ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በዕቅዱ ያስገባው ለጌጥ አይደለም። የሚያመናጭቁት አረጋዊ ሕመሙን ይደብቃል፣ ሽንቱን ይቋጥራል፣ ላለማስቸገር ውኃ መጠጣት ይተዋል። ንገሯት፤ ካልታረመች ቀይሯት።

ጭንቀታም፦ እናቴ በጣም ደክማለች፤ ምን ላድርግ?

ሲስተር፦ በዚህ ብቻ መልስ መስጠት አልችልም። ዕድሜያቸው ስንት ነው? ትኩሳት አላቸው? ይበላሉ? ሽንታቸውስ? ድንገት የመጣ ድካም ከሆነ ግን እዚህ አትጻፊ፤ ሐኪም ቤት ውሰጃቸው።

የመጀመሪያ ልጅ፦ እናታችን ካንሰር እንዳለባት አታውቅም። ሐኪሙ ሞርፊን የሚባለውን ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ አዟል፤ ሱስ እንዳይሆንባት ፈራን።

ከሜሪላንድ፦ እንዴት አይነገራትም? እዚህ መጀመሪያ የሚነገረው ለታማሚው ነው።

የመጀመሪያ ልጅ፦ አንተ እዚያ ሆነህ ቀላል ነው። ተስፋ ብትቆርጥስ?

የጎንደሩ፦ የእኔ አባት ሳይነገራቸው ዐረፉ። ስለ ርስታቸው የሚሉት ነበራቸው፤ ዛሬም ወንድማማቾች አንነጋገርም።

ሲስተር፦ ክርክሩ ይብቃ። እናትሽን «ስለ ሕመምሽ ምን ያህል ማወቅ ትፈልጊያለሽ?» ብለሽ ጠይቂያት። ልወቅ ካለች ሐኪሙ ባለበት ይነገራት፤ «እናንተ ታውቃላችሁ» ካለችም አክብሪላት። ለካንሰር ሕመም በሐኪም ትእዛዝ የሚወሰድ ሞርፊን ሱስ ያስይዛል ብሎ ሰውን ማሰቃየት ግፍ ነው። ፈሳሹ ብዙ ጊዜ በየ4 ሰዓቱ ነው የሚታዘዘው፤ ሕመሙ እስኪብስ አትጠብቁ። ሆድ ስለሚያደርቅ ማለስለሻ አብሮ ይታዘዝላት። መጠኑን ከራሳችሁ አትጨምሩ። ልትነቃ ካልቻለች ወይም ትንፋሿ ከዘገየ በፍጥነት ሐኪም ቤት። አዲስ አበባ ከሆናችሁ ሆስፒስ ኢትዮጵያ የተባለው ድርጅት የሚሠራው ይህንኑ፣ የከባድ ሕሙማንን ሥቃይ የማስታገስ ሥራ ነው።

አዲስ ገቢ፦ የቀላ ቦታ በቅባት ማሸት ይቻላል?

ሲስተር፦ ከላይ መልሻለሁ። አትሹት! እባካችሁ አንብባችሁ ጠይቁ።

የአዳማው፦ የሽንት ቱቦ?

ሲስተር፦ ቱቦው ምን ሆነ? ከረጢቱ ምንጊዜም ከሽንት ፊኛ በታች ይሁን፤ ወለል አይንካ። ትኩሳት ካለ ወይም ሽንት ካቆመ ሐኪም ቤት።

የመርካቶዋ፦ ኦክስጅን ቤት አስገባን። ጠያቂ ስለሚበዛ ቡና እዚያው ይፈላል፤ ችግር አለው?

ሲስተር፦ በጣም! ከሰሉ፣ ዕጣኑ፣ ጧፉ፣ ሲጋራው አሁኑኑ ከዚያ ክፍል ይውጣ። ኦክስጅን በራሱ ባይነድም ትንሹን እሳት ያባብሳል። ከንፈራቸው ቢደርቅም ቫዝሊን አትቀቡ፤ በውኃ የተሠራ፣ ዘይት የሌለው ቅባት ይሻላል። ቡናው ሳሎን ይፈላ፤ ጠያቂም ሁለት ሁለት እየሆነ ይግባ።