የአባቴ መነጽርና የጦጣዋ አንጎል

ጥያቄ፦ አባቴ 74 ዓመት ሞልቷቸዋል። ዛሬ የፈረሱትን የፒያሳ ሱቆች ከነባለቤቶቻቸው ስም በተርታ ይቆጥሩልኛል፤ አሁን ያስቀመጡትን መነጽር ግን ወዲያው ሲፈልጉ ያመሻሉ። የአንጎላቸው ሕዋሳት እየሞቱ ይሆን? በጦጣዎች ላይ የተደረገ ጥናት እንዳለ ሰምቻለሁ፤ ለሰውስ ይሠራል?
ወ. ከዶሮ ማነቂያ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ጥናቱ በአብዛኛው የተካሄደው እንጦጦ ላይ በምናያት ጦጣ ሳይሆን ሬሰስ በተባለው የእስያ ዝርያ ነው። የሬሰስ አንድ ዓመት ከሰው ሦስት ዓመት ገደማ ጋር ስለሚመጣጠን፣ 25 ዓመት የሞላው ሬሰስ የአባትዎ እኩያ ነው ማለት ይቻላል።

ተመራማሪዎቹ ጦጣው እያየ ከሁለት ጉድጓዶች በአንዱ ምግብ ያስቀምጡና ሁለቱንም ይከድኗቸዋል፤ ከዚያም መጋረጃ ጋርደው ጥቂት ሴኮንዶች ቆይተው እንዲመርጥ ያደርጉታል። ቆይታው አጭር ሲሆን አሮጌውም አይሳሳትም፤ ሲረዝም ግን እጁ ወደ ባዶው ይሄዳል። መጋረጃው በወረደበት ጊዜ ቦታውን ይዘው የሚቆዩት በግንባር በኩል ያሉ የነርቭ ሕዋሳት ሲሆኑ፣ እነዚህ ሕዋሳት በእርጅና ጊዜ ምልክታቸው እንደሚደክም፣ በመድኃኒትም በከፊል ሊነቃ እንደሚችል የየል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 አሳይተዋል። የሞተ ሕዋስ ደግሞ በመድኃኒት አይነቃም።

ሕዋሳቱ በአብዛኛው በቦታቸው አሉ። የሚሳሳው ሕዋስ ከሕዋስ የሚገናኝባቸው ጥቃቅን ጉጦች ናቸው፤ በዚሁ የግንባር ክፍል ሲሶ ያህሉ ይጠፋሉ። ከሁሉ ይበልጥ የሚጠፉትም ለአዲስ ነገር መያዣ ናቸው የሚባሉት ቀጫጭኖቹ ናቸው። የቆየውን ትዝታ ያጸናሉ የሚባሉት ወፋፍራሞቹ ግን ይሰነብታሉ፤ ሱቆቹ ሳይረሱ መነጽሩ የሚጠፋው፣ በእኔ ግምት፣ በዚሁ ሳቢያ ነው። የነርቭ ክሮችን የሚሸፍነው ቅባታማ ልባስም ይጎዳል፤ መልእክቱም ይዘገያል።

ይሁን እንጂ ንጽጽሩ ወሰን አለው። በአሮጌ ጦጣዎች አንጎል ውስጥ አልዛይመር በያዛቸው ሰዎች ላይ የሚታየው ዓይነት የፕሮቲን ክምችት ቢገኝም፣ በበሽታው የሚደርሰው ከፍተኛ የሕዋስ እልቂት በተለምዶ አይታይባቸውም። ስለዚህ መነጽር መፈለጉ ብቻውን አያስደነግጥዎ፤ አባትዎ ከጊዮርጊስ ሲመለሱ የቤታቸው መንገድ ከጠፋባቸው ወይም ያንኑ ጥያቄ በአንድ ሰዓት ውስጥ ደጋግመው ከጠየቁ ግን ሐኪም ዘንድ ይውሰዷቸው። የሚወስዷቸውን መድኃኒቶችም ይያዙላቸው፤ የታይሮይድ መታወክና የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ አንዳንድ የእንቅልፍ መድኃኒቶችም ጭምር፣ እርጅና የሚመስል ግን ሊታከም የሚችል መርሳት ያመጣሉ።