የድራየሩን ሙቀት ወደ ቤት መመለስ ይቻላል ወይ? ሱሉልታ ላይ የሞከርኩት

ጥያቄሽን አየሁት እህቴ። ለገጣፎ ነው የምትኖሪው፣ ክረምቱ ልብስ አላደርቅ ስላለሽ ድራየር ገዛሽ፣ አሁን ደግሞ ያ ሁሉ ትኩስ አየር በቱቦ ወደ ግቢ ሲወጣ ያንገበግብሻል። «ቱቦው ጫፍ ላይ ስቶኪንግ አስሬ ሳሎን ውስጥ ብለቀውስ?» ነው ያልሽው። እኔ ሱሉልታ ነኝ፣ የሐምሌን ብርድ አውቀዋለሁ፣ ያልሽውንም ነገር ከሁለት ክረምት በፊት አድርጌዋለሁ። አታድርጊው።

ማሽኑ 5 ኪሎ ልብስ ሲያደርቅ ወደ 3 ሊትር ውሃ ወደ እንፋሎት ይቀይራል። እንፋሎቱ የትም አይሄድም። ሳሎን ውስጥ ለቀቅሽው ማለት ሦስት ባለ አንድ ሊትር ሃይላንድ ውሃ ግድግዳሽ ላይ ደፋሽ ማለት ነው። የኛ ድራየር ሰርቪስ ውስጥ ነው ያለው፣ ከእናቴ ክፍል ጋር ግድግዳ ይጋራል። ብርድ ጉልበቷን ስለሚያማት ሙቀቱን ወደሷ ላክሁት። የመጀመሪያው ሳምንት ደስ አላት። በሦስተኛው ሳምንት ከቁምሳጥኑ ጀርባ ግድግዳው ጠቁሮ አገኘነው፣ ጋቢዋ ሻጋታ ሻጋታ ሸተተ፣ ማታ ማታም ታስል ጀመር። ያን ቀን ቱቦውን ነቅዬ ወደ ውጭ መለስኩት። ስቶኪንጉ ደግሞ ትልልቁን የጨርቅ ብናኝ እንጂ ደቃቁን አይዝም፣ ሲደፈንም ማሽኑ አየር ያጥረዋል፣ ከልክ በላይ ይግላል።

ይሄን ሁሉ የምልሽ ማሽንሽ የኤሌክትሪክ ነው ብዬ ነው። በጋዝ የሚሠራ ከሆነ አየሩን ቤት ውስጥ መልቀቅ በተዘጋ ክፍል ከሰል አቀጣጥሎ እንደመተኛት ነው፣ ይገድላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሙቀቱ የት ነው ያለው? አየሩን በእጅሽ ስትነኪው ይሞቃል፣ ግን አብዛኛው ጉልበት ያለው እንፋሎቱ ውስጥ ነው። 1 ሊትር ውሃ ለማትነን ብቻ ወደ 0.7 ኪሎዋት ሰዓት መብራት ይሄዳል፣ ያ ጉልበት የሚመለስልሽ ደግሞ እንፋሎቱ ተመልሶ ውሃ ሲሆን ነው። የድስት ክዳን ስትከፍቺ እንፋሎቱ እጅሽን እንደዚያ የሚያቃጥልሽ ለዚህ ነው፤ ቆዳሽ ላይ ውሃ ሲሆን የያዘውን ሁሉ ይለቅብሻል። ስለዚህ እርጥቡ አየር ከቤትሽ አየር ጋር ሳይቀላቀል፣ በብረት በኩል ሙቀቱን ብቻ ሰጥቶ መውጣት አለበት።

መጀመሪያ አሸንዳ ሠሪው ጋ ሄጄ አንዱ አንዱ ውስጥ የሚገባ ሁለት የላሜራ ቱቦ አሠራሁ፣ 3 ሜትር ርዝመት። በውስጠኛው የድራየሩ አየር ወደ ውጭ ይሄዳል፣ በመሀላቸው ባለው ክፍተት ከውጭ የመጣ ንጹህ አየር በተቃራኒው ወደ ክፍሉ ይገባል። አልሠራም ማለት ይቻላል። 55 ዲግሪ የገባው አየር 48 አካባቢ ሆኖ ወጣ። ብረቱ ያንሳል፣ አየሩ ቸኩሎ ያልፋል።

ከዚያ ሳጥን አሠራሁ። 20 ስስ ላሜራ፣ እያንዳንዱ 40 በ60 ሳንቲ ሜትር፣ በመሀላቸው 1 ሳንቲ ሜትር ክፍተት። አንዱን ክፍተት እርጥቡ አየር፣ ቀጣዩን ንጹሁ አየር ይሄድበታል፣ ጠርዙ ሁሉ በሲሊኮን ተደፍኗል። ንጹሁን አየር የሚገፋ ትንሽ ቬንትሌተር አለው። ሳጥኑ ወደ አንድ ጎን ዘንበል ብሏል፣ ሥሩ ባልዲ አለ። አሁን 55 የገባው 40 አካባቢ ሆኖ ይወጣል፣ ጠዋት ከውጭ 13 ዲግሪ የተሳበው አየር ደግሞ 30 ገደማ ሆኖ እናቴ ክፍል ይገባል፣ ደረቅ ሆኖ። ባልዲው ውስጥ ሁለት ብርጭቆ ያህል ውሃ አገኛለሁ። ሁለተኛ ክረምቱ ነው፣ ግድግዳው ንጹህ ነው።

ግን ልክ ልኩን ልንገርሽ። ማሽኑ አንዴ ሲያደርቅ 3 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበላል፣ በዚህ ሁሉ ልፋት የምመልሰው 1 እንኳን አይሞላም። ማጠቢያ ማሽንሽ ላይ ስፒኑን፣ መጨረሻ ላይ ልብሱን አሽከርክሮ ውሃውን የሚጨምቅበትን ማለቴ ነው፣ በደቂቃ ከ800 ወደ 1400 ዙር ብታደርጊው ግን ያው 5 ኪሎ ልብስ 3 ሊትር ተኩል ይዞ ይወጣ የነበረው 2 ሊትር ተኩል ይዞ ይወጣል። የቀረው 1 ሊትር ሳጥኔ የሚመልሰውን ያህል ነው፣ ያለ ላሜራ፣ ያለ ሲሊኮን፣ ያለ አንድ ብር። እኔ ይሄን ያወቅሁት ሳጥኑን ከሠራሁ በኋላ ነው። አንቺ ከዚህ ጀምሪ። ከዚያ የሚሞቅ ክፍል ካለሽና በሳምንት አራት አምስት ጊዜ የምታደርቂ ከሆነ ሳጥኑ ያዋጣል፣ በሳምንት አንዴ ከሆነ ግን አትልፊ። ገና ማሽን ሊገዛ ያሰበ ሰው ካለ ደግሞ ሂትፓምፕ ያለውን ይፈልግ፤ ዋጋው ይወደዳል እንጂ ሙቀቱን እዚያው ውስጡ መልሶ ስለሚጠቀም የሚበላው መብራት ግማሽ ያህል ነው።

ከሠራሽው ሳጥኑ በብሎን የሚከፈት ይሁን። ላሜራው እርጥብ ስለሆነ ብናኝ ይለጥፋል፣ እኔ በየሁለት ሳምንቱ አወጣና አጥባለሁ። የማሽኑን ማጣሪያ ግን በየዙሩ ነው የምታጸጂው፣ ይሄን አደራ፤ ያ ብናኝ እንደ ጥጥ እሳት ይይዛል። ለዚህም ነው የፕላስቲክ ቱቦ አትጠቀሚ የምልሽ። መብራት መሀል ላይ ከጠፋ ደግሞ ልብሱን ትኩስ ሳለ ከበሮው ውስጥ ተቆልሎ አትተይው፣ ማቀዝቀዣ ዙሩ ሳይደርስ ስለቆመ ሙቀቱን አምቆ ይቆያል። አውጥተሽ በትኚው። ሶኬቱም ለብቻው ይሁን፣ ማሽኑ 11 አምፔር አካባቢ ይስባል፣ በኤክስቴንሽን አይሆንም።

የማሽኑን ጀርባ ፎቶ አንስተሽ ለጥፊልኝ፣ የቱቦውን ስፋትም ለኪልኝ። 10 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ለላሜራ ሠሪው የሰጠሁትን ልኬት እንዳለ እልክልሻለሁ።