ከቅኝ ግዛት ወይስ ከቅኝ አገዛዝ?

ጥያቄ፦ «ቱኒዚያ በ1881 የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ሆነች፤ በ1956 ከቅኝ ግዛት ነፃ ወጣች» ብዬ ጽፌ አርታኢው ሁለቱም «ቅኝ ግዛት» ላይ አሰመረባቸው። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ሁለተኛው ቶሎ ያልቃል። «ግዛት» የሚገዛው ምድር፣ «አገዛዝ» የመግዛቱ ሥርዓት ነው። ነፃ የሚወጣው ግዛቱ ራሱ ስለሆነ «ከቅኝ አገዛዝ ነፃ ወጣች» ይበሉ። ጋዜጣው ሁሉ «ከቅኝ ግዛት» ይላል፤ መለመዱ ግን አላቀናውም።

የመጀመሪያው ከቃላት ይልቅ ሕግ ነው። «ቅኝ» ከግዕዙ «ቀነየ» (ገዛ፣ አስገዛ) የመጣ ነው፤ «ነ» እና «የ» ተዋሕደው «ኘ» ሆኑ፤ «ቅኔ»ም የዚሁ ሥር ዘር ነው። በጥቅሉ ሲነገር ቃሉ ቱኒዚያንም ይይዛል። በሕግ ቋንቋ ግን ቱኒዚያ ፕሮቴክቶሬት (የራሷ ገዢ በዙፋኑ ሳለ በውል በሌላ መንግሥት ሥልጣን ሥር የዋለች አገር) ነበረች።

አያያዙ እንዲህ ነው። ቱኒዚያ ዕዳዋን መክፈል ሲያቅታት ከ1869 ጀምሮ ፈረንሳይ፣ እንግሊዝና ኢጣሊያ ያሉበት ኮሚሽን ገንዘቧን ይቆጣጠር ጀመር። በ1881 የፈረንሳይ ጦር የክሩሚር ጎሣዎች ድንበር ጥሰዋል በሚል ሰበብ ከአልጄሪያ ተሻገረ፤ ግንቦት 12 (እ.ኤ.አ.) ቤዩ፣ ማለትም የቱኒዚያ ገዢ፣ የባርዶን ውል ፈረመ። የውጭ ግንኙነቱ በፈረንሳይ እጅ ገባ፤ ዙፋኑ ግን አልተነካም። «ፕሮቴክቶሬት» የሚለው ቃል በባርዶ ውል ውስጥ የለም፤ የመጣው በ1883ቱ የላ ማርሳ ስምምነት ነው። በዚህኛው ቤዩ ፈረንሳይ ይጠቅማል ያለችውን የአስተዳደር፣ የፍርድና የገንዘብ ማሻሻያ ሁሉ ለመፈጸም ተስማማ። ማኅተሙ የቤዩ፣ ውሳኔው የፈረንሳዩ ሬዚዳንት (በቱኒዚያ የፈረንሳይ መንግሥት ወኪል) ሆነ። ጎረቤቷ አልጄሪያ በአንጻሩ በ1830 ተወርራ በ1848 የፈረንሳይ ክፍላተ ሀገር ተብላለች።

ስለዚህ «ፈረንሳይ ቱኒዚያን ፕሮቴክቶሬት አደረገች» ይጻፉ። «በጥበቃዋ ሥር አስገባች» አልመክርም፤ የጠባቂነት ለዛው የገዢው ነው። ግሡም ይመረጥ፦ እንግሊዝ ግብፅን በ1882 «ያዘች»፣ ፕሮቴክቶሬት ያለቻት ግን በ1914 ነው።

አንድ ግሥ ምን ያህል እንደሚመዝን የውጫሌ ውል ያሳያል። በአንቀጽ 17 አማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በኢጣሊያ በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ሲል፣ ኢጣሊያ በበኩሏ የራሷን ጽሑፍ እንደ ግዴታ ተርጉማ በዚያው በ1889 ኢትዮጵያ ፕሮቴክቶሬቴ ናት ብላ ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቀች። (ዓመታቱ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)