ማንጎው የማን ነው? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች ስለ ተክል ሳይሆኑ ተክሉን ስለሚበሉት ናቸው። ከመካከላቸው ለጥቂቶቹ አጠር አድርጌ መልሻለሁ። የጦጣው ጉዳይ ብቻ አላጥር አለኝ፤ ቁስሉ እኔም ላይ አለ።

ጥያቄ፦ ሦስት የማንጎ ዛፎች አሉኝ። ጦጣዎች ፍሬውን ሳይበስል እየገመጡ ይጥሉታል። ልጆቼ ደግሞ ስለሚወዷቸው ሙዝ ይሰጧቸዋል። ምን ላድርግ? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ መጀመሪያ ሙዙ ይቁም። እዚያው ሐዋሳ ሐይቅ ዳር አሞራ ገደል የሄደ ሰው ያውቀዋል፤ ፌስታል ሲንኮሻኮሽ ጦጣ ከየት መጣች ሳይባል እግር ሥር ትደርሳለች። ያስለመዳት ጎብኚው ነው። ከእጅ መብላት የለመደች ጦጣ ነገ በመስኮት ትገባለች፣ ከነገ ወዲያ ሕፃን የያዘውን ትነጥቃለች፣ ሲከለክሏት ትነክሳለች። ንክሻዋን ደግሞ ቀላል አድርጋችሁ እንዳታዩት። ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በወራጅ ውሃ ሩብ ሰዓት ያህል አጥቦ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው፤ የእብድ ውሻ በሽታ የሚመጣው ከውሻ ብቻ አይደለም።

ወደ ማንጎው ስንመለስ፣ ጦጣ ጉንጯ ውስጥ ከረጢት አላት። ያገኘችውን አጭቃ ትሸሽና ራቅ ብላ ተረጋግታ ታኝካለች። ስለዚህ ከመጣች በኋላ ማባረር ትርፉ ድካም ነው፤ የምትሄደው ጉንጯን ሞልታ ነው። የድሮ ገበሬ ማማ ሠርቶ ልጅ ከነወንጭፉ የሚያስቀምጠው ሳትደርስ ሊመልሳት ነበር። እርስዎ ማማ ባይኖርዎትም ከአጥርና ከጣሪያ ጋር የተነካካውን ቅርንጫፍ ይቁረጡ፤ መንገዷ እሱ ነው። ማንጎውን ደግሞ ዛፉ ላይ እንዲበስል አይጠብቁ። ሞልቶ ትከሻው ሲወፍር አረንጓዴውን ቆርጠው ቤት ውስጥ ጭድ ውስጥ ይቅበሩት፣ እዚያው ይበስላል።

እኔ ምን አደረግሁ መሰላችሁ? ኮኬ ሊበስል ሲል የደረሰ የደረሰውን ፍሬ በፌስታል አሰርሁት። በማግስቱ ጠዋት የታሰሩት በሙሉ የሉም፤ ያልታሰሩት ጥሬዎቹ አሉ። ለካ የትኛው እንደደረሰ ምልክት አድርጌ ሰጥቻቸዋለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ግቢዎ የሚመጣው ባለ ጥቁርና ነጭ ጉሬዛ ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው። ጉሬዛ በአመዛኙ ቅጠል በላ ነው፣ ጨጓራውም እንደ ከብት የተከፋፈለ ነው። ዳቦና ሙዝ ለሆዱ አይስማማውም። ትንሽ ቅጠል ቢቀነጥብ ይተውት፤ እንዲህ ያለ እንግዳ በየቤቱ አይመጣም።

ጥያቄ፦ ቤታችን እንጦጦ ግርጌ ነው። በየሌሊቱ ጅብ ከበራችን አይጠፋም። ጎረቤቶች መርዝ እናስቀምጥ ይላሉ። (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ መርዙን ቀድሞ የሚበላው የጎረቤት ውሻ ነው። ከዚያ የውሻውን ሬሳ የበላው አሞራ ይሞታል። ጅቡ ቢሞት እንኳ ሌላው ቦታውን ይወርሳል። ደግሞም ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ መግደል በሕግ ያስጠይቃል፤ አዋጅ ቁጥር 541/1999 ለዚሁ የወጣ ነው።

ጅብ የሚመጣው ሽታ ጠርቶት ነው። በበዓል ሰሞን አንጀቱና አጥንቱ የት ይጣላል? እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ በሰሜን ኢትዮጵያ የተካሄደ ጥናት ያሳየው ነገር ይገርማል፦ በሁዳዴ እርድ ሲቀር የእርድ ተረፈ ምርትም ይቀንሳል፣ ያኔ ጅቦች አህያ ማደን ያበዛሉ። እኛ ስንጾም እነሱ ገበታ ይለውጣሉ ማለት ነው። እናም ተረፈ ምርቱን በጥልቀት ይቅበሩ ወይም ለቆሻሻ ሰብሳቢዎች በቀን ያስረክቡ፣ ውሻዎን ማታ ግቢ ውስጥ ያስገቡ፣ የበር መብራት ያብሩ።

ሐረር ላይ በእጅ ያበሏቸው የለ ወይ የሚለኝ አይጠፋም። በጁገል ግንብ የጅብ መግቢያ ቀዳዳ ተትቶላቸዋል፤ እሱ የብዙ ትውልድ ልማድ ነው፣ በእርስዎ ደጃፍ በአንድ ሳምንት አይመጣም። ልጅዎ ጎህ ሳይቀድ ወደ ትምህርት ቤት የሚወጣ ከሆነ ብቻውን አይላኩት። እዚህ ላይ ቀልድ የለኝም።

ጥያቄ፦ ገና ሳይነጋ ሣራችን ላይ የሚጮሁት ጥቁር ትልልቅ ወፎች ምንድን ናቸው? ሣሩንም እየወጉ በሳሱት። (ከሲኤምሲ)

መልስ፦ ጋጋኖዎች ናቸው። ከዚህ ከእኛ አካባቢ ደጋ ውጭ በዓለም የትም አይገኙም። በረጅሙ ምንቃራቸው የሚያወጡት ሣሩን የሚበላውን ትል ነው፤ በነፃ ነው የሚሠሩልዎት። ስለ ጩኸቱ ግን መድኃኒት የለኝም። ጆሮዎ ላይ ትራስ ያድርጉ።

ጥያቄ፦ ካሮቴና ድንቼ ከሥር ተጎትቶ ይጠፋል። ጠዋት የአፈር ክምር ብቻ አገኛለሁ። (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ፍልፈል ነው። ጉድጓዱን በጥርሱ እየቆፈረ አፈሩን ወደ ላይ ይገፋል፤ ኑሮው ሁሉ ከመሬት በታች ነው። ደስ የሚለው ብቸኛ መሆኑ ነው፦ አሥር ክምር ቢያዩም ባለቤቱ አንድ ሊሆን ይችላል። መተላለፊያው ሲከፈትበት ሊደፍነው ይመጣል፤ ወጥመድ የሚያጠምዱ ሰዎች የሚጠብቁትም እዚያ ነው። መግደል ካላሻዎ መደቡን ከፍ አድርገው ከሥሩ የዶሮ ሽቦ ያንጥፉ። ሥራው አንድ ቀን ይፈጃል፤ እኔ ካነጠፍሁ ወዲህ ካሮት እየበላሁ ነው።

ጥያቄ፦ በሚያዝያ የዘራሁትን የሐበሻ ጎመን አጋዘን በአንድ ሌሊት ጨረሰው። (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ አጋዘን ብለን ጠራነው እንጂ ከእኛው አጋዘን ጋር ዝምድናው ሩቅ ነው፤ የአሜሪካው ቀንድ በየዓመቱ ይረግፋል፣ የእኛው አንዴ ካበቀለ አበቀለ ነው። ዝላዩ ግን አያድርስ ነው። አጥር ካጠሩ 2.4 ሜትር ያህል ይሁን፤ ከዚያ ያነሰው ለጎረቤት ማስጌጫ ነው። እንቁላልና ነጭ ሽንኩርት በጥብጠው የሚረጩም አሉ፣ ዝናብ ሲያጥበው ግን እንደገና መርጨት ነው።

ከሰፈራችን የሚረዳዎት ሽታ አለ። አጋዘኖቹ ጤና አዳምና የጥብስ ቅጠል እምብዛም አይወዱም። ጎመኑን በእነሱ ይክበቡት፤ ዋስትና ባይሆንም ለቡናዎና ለጥብስዎ ይተርፋል። ከሥራ በኋላ ግን ራስዎንም ልጆችዎንም ለመዥገር ይፈትሹ። ላይም የሚባለውን በሽታ የምታስተላልፈው መዥገር በዚያ ሰፈር ብዙ ናት።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ 11 ዓመቴ ነው። ጽጌረዳችን ላይ እስስት አለች። አያቴ መርዛም ናት፣ ትገደል አለች። (ስሟ እንዳይወጣ የጠየቀች)

መልስ፦ የኔ ልጅ፣ እስስት መርዝ የላትም። የምትበላው ዝንብና ፌንጣ ነው፤ ለጽጌረዳችሁ ዘበኛ ናት። አያትሽን አትከራከሪያት፤ ወንበር አምጥተሽላት እስስቷ ምላሷን ስታስወነጭፍ አሳያት። ቀይ ጨርቅ ላይ ብታስቀምጫትም ቀይ አትሆንም፤ ቀለሟ የሚለዋወጠው በሙቀት፣ በብርሃንና በስሜቷ ነው። በአንቺ ዕድሜ በእናቴ ነጠላ ጥለት ላይ ሞክሬዋለሁ። እስስቷ አረንጓዴ እንደሆነች ቀረች፣ የተገረፍሁት እኔ ነኝ።