ተቀምጠው የሚነዱት ሻንጣ፦ ተርሚናል ውስጥ የት ይነዳል፣ የት ይወረዳል?

ጤና ይስጥልኝ። ጠያቂያችን ተቀምጠው የሚነዱትን ባለ ሞተር ሻንጣ ገዝተው ከዋሽንግተን ደለስ ወደ አዲስ አበባ ሊጓዙ መሆኑን ገልጸው፣ «ተርሚናል ውስጥ ብነዳው ነውር ይሆንብኛል? አደጋስ አለው?» ብለዋል። አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ መንገደኞችን በዊልቸር የምገፋ ሠራተኛ ስለሆንኩ በሥራዬ የታዘብኩትን ላካፍልዎ።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚያሳስበኝ ነጂው ከሰው ዓይን በታች መሆኑ ነው። ሻንጣው ላይ የተቀመጠ ሰው ቁመቱ ከቆመ ሰው ደረት አይበልጥም፤ ሞተሩም ድምፅ ስለሌለው የበረራ ሰሌዳውን ቀና ብሎ የሚያነብ መንገደኛ መምጣቱን አያውቅም። እኔም አንዲት እናት ቦርሳቸውንና ጋቢያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ስገፋቸው፣ ከፊታቸው ዝቅ ብሎ የሚመጣው ነገር ከኋላ ሆኜ አይታየኝም። የዊልቸሩ የእግር ማሳረፊያ ወደ ፊት የወጣ በመሆኑ ግጭት ቢፈጠር መጀመሪያ የሚመታው እግራቸው ነው። ስኳር ላለባቸው አረጋውያን ደግሞ እግር ላይ የምትደርስ ትንሽ ቁስል እንኳ በቀላሉ አትድንም። ነጭ በትር ይዞ የሚሄድ ዓይነ ስውርም ድምፅ የሌለውን ነገር ሊሸሸው አይችልም።

ከእነዚህ ሻንጣዎች አንዳንዶቹ በሰዓት እስከ 13 ኪሎ ሜትር ይሮጣሉ፤ ይህም በሴኮንድ ሦስት ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ሰው በእግሩ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚሄድ ከዚያ እንዳያልፉ አጥብቄ እመክራለሁ። ስልክ እያዩ መንዳትም ሆነ ልጅ አቅፎ መቀመጥ ፈጽሞ አይገባም።

አውሮፕላን ማረፊያው ካልከለከለ በስተቀር ሰው በሳሳበት ሰፊ መተላለፊያ ላይ በእርጋታ ቢነዱ ነውር አይመስለኝም። ሰልፍ፣ ፍተሻ፣ የመሳፈሪያ በር፣ አሳንሰርና ምግብ ቤት ሲደርሱ ግን ወርደው ይጎትቱት። ተንቀሳቃሽ ደረጃና ተንቀሳቃሽ ወለል ላይ በምንም ምክንያት አይንዱት፤ የታጠበ ወለልም ያንሸራትታል። ሠራተኛ ሲያነጋግሩ ወይም ለአዛውንት ሰላምታ ሲሰጡ መውረድ ደግሞ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ብዙ ማብራሪያ የሚያሻው ጉዳይ አይደለም።

ክልከላው እንደየአገሩ ይለያያል። በጃፓን ሕግ ይህ ሻንጣ መንጃ ፈቃድ የሚጠይቅ ባለ ሞተር ተሽከርካሪ ሆኖ ሊቆጠር ስለሚችል፣ በ2024 እ.ኤ.አ. ኦሳካ ውስጥ በእግረኛ መንገድ ላይ የነዳች አንዲት ሴት ጉዳይዋ ወደ ዐቃቤ ሕግ ተመርቷል። የካንሳይ አውሮፕላን ማረፊያም መንገደኞች በግቢው ውስጥ እንዳይነዱት ጠይቋል። በሌላ አገር በኩል የሚያልፉ ከሆነ የዚያን ማረፊያ ደንብ አስቀድመው ይጠይቁ።

ባትሪው ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። አሜሪካን፣ ዴልታና አላስካ አየር መንገዶች ከጥር 2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባትሪው የማይወጣ ሻንጣ አይቀበሉም። ሻንጣውን ሲያስረክቡ ባትሪውን አውጥተው፣ ጫፎቹን በፕላስተር ሸፍነው፣ ከእርስዎ ጋር ወደ አውሮፕላኑ ይዘውት ይግቡ። ባትሪው ላይ የተጻፈው የኃይል መጠን ከ100 ዋት-ሰዓት (Wh) ካለፈ የአየር መንገዱን ፈቃድ ይፈልጋል፤ ከ160 ካለፈ ከመንገደኛ ጋር አይሳፈርም። ቮልትና አምፔር-ሰዓት ብቻ ከተጻፈበት ሁለቱን ቢያባዙ ዋት-ሰዓቱን ያገኙታል፤ ይህንንም ከቤት ከመውጣትዎ በፊት ያጣሩ።